ሞተሩ የሚታዘዘው ለምንድን ነው? የኤሲ ሞተርን ፍጥነት በማይክሮኮንትሮለር መቆጣጠር

የዛሬው ዝግጅታችን የኤሲ ሞተርን ፍጥነት በማይክሮኮንትሮለር ስለመቆጣጠር ነው። የምንነጋገረው ከኤሌክትሪክና ከኤሌክትሮኒክስ ተማሪዎች፣ ከጥገናና ከሞተር ጥቅለላ ባለሙያዎች፣ እንዲሁም እቤታቸው ጠረጴዛ ላይ አርዱይኖ ዘርግተው ከሚሞክሩ ወጣቶች ጋር ነው። በሬዲዮ ሥዕል ማሳየት አይቻልምና ወረቀትና እስክሪብቶ አቅርቡ፤ የምትጽፏቸው ቁጥሮች አሉ።

ማይክሮኮንትሮለር መማር የጀመረ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያዞረው ከመጫወቻ መኪና የወጣች ትንሽ የዲሲ ሞተር ነው። አንድ ትራንዚስተር ያስገባል፣ ፕሮግራሙ ላይ ከ0 እስከ 255 ያለውን ቁጥር ከፍና ዝቅ ያደርጋል፣ ሞተሯም ትታዘዛለች። ቮልቴጅ ሲጨምር ትፈጥናለች፣ ሲቀንስ ትዘገያለች። ይህን ያየ ሰው ዓይኑ ወዲያው ወደ ትልልቆቹ ይሄዳል፤ ወደ ውሃ ፓምፑ፣ ወደ ጣሪያው ቬንትሌተር፣ ወደ ሰፈሩ ወፍጮ። «ያችን እንዳዘዝኩ ይህንንም ቮልቴጁን ቀንሼ ላዘግየው» ይላል። ብዙ ሞተር የሚቃጠለው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ የቱን ቺፕ ልግዛ፣ ምን ዓይነት ፕሮግራም ልጻፍ ከማለታችን በፊት፣ ከፊታችን ያለው ሞተር የሚታዘዘው ለምን እንደሆነ ማወቅ ይኖርብናል። ለቮልቴጅ የሚታዘዝ ሞተር አለ፤ ለፍሪኩዌንሲ የሚታዘዝ ሞተር አለ። ሁለቱን ያምታታ ሰው ፕሮግራሙ የቱንም ያህል ቢያምር አያድነውም።

በፓምፕ፣ በወፍጮ፣ በእንጨት መሰንጠቂያ ላይ የምናገኘው በአብዛኛው ኢንዳክሽን ሞተር ነው። የጣሊያኑ ጋሊሌዮ ፌራሪስ እና ኒኮላ ቴስላ እየብቻቸው ደረሱበት፤ ሁለቱም ሥራቸውን ለዓለም ያሳወቁት እ.ኤ.አ. በ1888 ነው። በማግሥቱ ዓመት፣ በ1889፣ በጀርመኑ አኤጌ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ሚካኤል ዶሊቮ ዶብሮቮልስኪ ዛሬም በየወፍጮ ቤቱ የሚያጓራውን ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር ሠራ። ከዚያ ወዲህ ብረቱና ሽፋኑ ተሻሻለ እንጂ የአሠራሩ መሠረት አልተለወጠም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ውጪኛው አካል፣ ማለትም ስታተሩ፣ ላይ የተጠቀለሉት ሽቦዎች ኮረንቲ ሲገባባቸው የሚዞር መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራሉ። የሚዞረው መስኩ ነው፤ ሽቦው ከቦታው አይነቃነቅም። መሐል ላይ ያለው ሮተር ዳርና ዳሩ በቀለበት የተያያዙ የአሉሚኒየም ወይም የመዳብ ዘንጎች አሉት፤ ከውጭ አንድም ሽቦ አይገባበትም። መስኩ ዘንጎቹን እያቋረጠ ሲያልፍ በውስጣቸው ኮረንቲ ይወለዳል፣ ያ ኮረንቲ ደግሞ ሮተሩን መስኩ ወደሚሄድበት ይጎትተዋል። ሮተሩ በገመድ እንደሚጎተት ጥጃ ነው፤ ገመዱ እንዲወጠር ጥጃው ትንሽ ወደኋላ መቅረት አለበት። መስኩን ከደረሰበት ገመዱ ይላላል፣ ጉልበትም አይኖርም።

አሁን ጻፉ። የመስኩ ፍጥነት በደቂቃ፦ 120 በፍሪኩዌንሲው ይባዛል፣ በዋልታዎቹ ብዛት ይካፈላል። የአገራችን መስመር 50 ኸርዝ ነው። ሞተሩ ሁለት ዋልታ ካለው መስኩ በደቂቃ 3000 ጊዜ ይዞራል፤ አራት ካለው 1500፤ ስድስት ካለው 1000። ሞተሩ ላይ የተለጠፈችውን ትንሽ የብረት ሰሌዳ ብታዩ ግን 1500 የሚል አታገኙም፤ 1440 ወይም 1450 የሚል ታገኛላችሁ። ልዩነቱ ያ ወደኋላ መቅረቱ ነው፤ 1440 የሚለው ሞተር ሙሉ ሸክም ሲሸከም ከመስኩ 4 በመቶ ይቀራል ማለት ነው። ሰሌዳው ላይ 1440 ያየ ሰው ሞተሩን ሳይፈታ አራት ዋልታ መሆኑን ያውቃል።

ቀመሩ ውስጥ ቮልቴጅ የሚባል ነገር እንደሌለ ልብ በሉ። የዋልታው ብዛት ሲጠቀለል ተወስኗል፤ የቀረን ፍሪኩዌንሲው ነው። ታዲያ ቮልቴጁን ብንቀንሰው ምን ይሆናል? የኢንዳክሽን ሞተር የማዞር ጉልበት የሚቀንሰው በቮልቴጁ ስኩዌር ነው። 220 ቮልቱን ወደ 155 ብናወርደው፣ ማለትም ወደ 70 በመቶ ገደማ፣ ጉልበቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል። እህሉ ግን ወፍጮው ውስጥ እንዳለ ነው፤ ሸክሙ አልቀነሰም። ሮተሩ ይበልጥ ወደኋላ ይቀራል፣ ወደኋላ በቀረ ቁጥር ብዙ ኮረንቲ ይስባል፣ ሽቦው ይግላል፣ የሽቦው ቫርኒሽ ይነዳል። ከውጭ የሚያይ ሰው «ሞተሩ እኮ ዘግይቷል፣ ሠርቷል» ሊል ይችላል። ሽታው እስኪመጣ ድረስ ነው።

ከዚህ ሕግ የሚወጣ አንድ አለ፤ ቬንትሌተር። ነፋስ የሚገፋ ክንፍ ሲዘገይ ሸክሙም አብሮ በፍጥነቱ ስኩዌር ይቀንሳል። ስለዚህ በድሬዳዋ ወይም በጋምቤላ ሙቀት ጣሪያ ላይ የሚዞረው ማራገቢያ፣ ኢንዳክሽን ሞተር ቢሆንም፣ በተወሰነ ደረጃ ቮልቴጅ መቀነስን ይታገሣል። ግድግዳው ላይ ያለው ማዞሪያ የሚሠራውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ለቮልቴጅ በእርግጥ የሚታዘዘው ሌላው ሞተር ካርቦን ያለው ነው። የእጅ መሰርሰሪያ፣ የጁስ መፍጫ፣ የኤሌክትሪክ ስፌት መኪና፣ የምንጣፍ መጥረጊያ፣ የብዙ ልብስ ማጠቢያ ሞተር ከዚህ ወገን ነው። በኤሲም በዲሲም ስለሚሠራ ዩኒቨርሳል ሞተር ይሉታል። መለየቱ ቀላል ነው፤ ጎኑ ላይ ሁለት ካርቦን ይዟል፣ ሲሠራም ካርቦኑ ላይ ሰማያዊ ፍንጣሪ ይታያል። ፍጥነቱ ከመስመሩ 50 ኸርዝ ጋር አይያያዝም፤ በደቂቃ 10 ሺህና ከዚያ በላይ የሚዞረውም ለዚህ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፤ ይህን ሞተር ያለ ምንም ሸክም በሙሉ ቮልቴጅ አትልቀቁት። ፍጥነቱ እየናረ ሄዶ ሮተሩን ሊበትነው ይችላል።

እንግዲህ ካርቦን ላለው ሞተርና ለቬንትሌተር የሚሆነውን መንገድ በቅርበት እንየው። ዋናው ዕቃ ትራያክ ይባላል። ትራያክ በሁለቱም አቅጣጫ የሚያሳልፍ የኤሌክትሮኒክስ በር ነው፤ ጌት በሚባለው እግሩ ላይ አጭር ምት ሲሰጠው ይከፈታል፣ የሚዘጋው ደግሞ ኮረንቲው ራሱ ወደ ዜሮ ሲወርድ ነው። መክፈት የኛ ሥራ ነው፣ መዝጋት የመስመሩ። ለትንሽ ሞተር 4 አምፔር የሚችለው ቢቲ 136፣ ከፍ ላለው 16 አምፔር የሚችለው ቢቲኤ 16 በገበያው ላይ ይገኛሉ።

መስመራችን በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፣ በእያንዳንዱ ምልልስ ሁለት ጊዜ ዜሮን ይረግጣል። ስለዚህ በሰከንድ 100 ዜሮ አለ፣ በሁለት ዜሮዎች መካከልም 10 ሚሊ ሰከንድ። የማይክሮኮንትሮለሩ ሥራ ዜሮውን ማወቅ፣ ከዚያ የታዘዘውን ያህል መቆየት፣ ከዚያ ትራያኩን መምታት ነው። ወዲያው ከመታው ሞተሩ ሙሉውን ግማሽ ሞገድ ያገኛል፤ ዘግይቶ ከመታው የተረፈውን ብቻ።

የቆይታ ጊዜውና ቮልቴጁ እኩል የሚሄዱ እንዳይመስላችሁ። እነዚህን ቁጥሮች ጻፏቸው፤ የተሰሉት 220 ቮልት ላይ ላለ የአምፖል ዓይነት ሸክም ነው። 2 ሚሊ ሰከንድ ብንቆይ ሸክሙ አሁንም 214 ቮልት ያህል ያገኛል፤ ከጊዜው አንድ አምስተኛውን ቆርጠን የወሰድነው 6 ቮልት ያህል ብቻ ነው። 5 ሚሊ ሰከንድ ስንቆይ 155 ቮልት ይሆናል። ሰባት ተኩል ሚሊ ሰከንድ ላይ ወደ 66 ይወርዳል። ሞገዱ ጫፎቹ ላይ ቀጭን፣ መሐሉ ላይ ወፍራም ስለሆነ ነው። እና ማዞሪያውን ከቆይታው ጋር በቀጥታ ያገናኘ ሰው፣ መጀመሪያ ላይ ምንም ለውጥ የሌለው፣ መሐል ላይ ድንገት የሚወርድ መቆጣጠሪያ ይገጥመዋል። መፍትሔው ፕሮግራሙ ውስጥ ትንሽ ሠንጠረዥ ማስቀመጥ ነው፤ ለእያንዳንዱ የማዞሪያ ደረጃ የተሰላ ቆይታ። ለአርዱይኖ ዩኖው ኤቲሜጋ 328 ይህ ምንም ሸክም አይሆንም።

ዜሮውን ማወቂያው ቀላል ነው፤ ጥንቃቄው ግን ከባድ። ከመስመሩ ሁለት 47 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮችን፣ እያንዳንዳቸው 1 ዋት የሆኑ፣ በሁለቱ ገመዶች ላይ አንዳንድ አድርጋችሁ አስገቡ፤ ከዚያ አራት ዳዮድ ያለው ሬክቲፋየር፣ ከዚያ እንደ ፒሲ 817 ያለ ኦፕቶካፕለር። ኦፕቶካፕለር በአንድ በኩል የብርሃን ዳዮድ፣ በሌላው በኩል ብርሃኑን የሚያይ ትራንዚስተር የያዘ ትንሽ ቺፕ ነው። በመካከላቸው የሚያልፈው ብርሃን ብቻ ስለሆነ 220 ቮልቱ ወደ ማይክሮኮንትሮለሩ፣ ከዚያም በዩኤስቢው ገመድ ወደ ኮምፒውተራችሁና ወደ እጃችሁ አይደርስም። በሁለቱ ሬዚስተሮች ውስጥ የሚያልፈው ኮረንቲ 2.3 ሚሊ አምፔር ያህል ነው፤ ለዳዮዱ ይበቃዋል። ሞገዱ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ብርሃኑ ይጠፋል፣ በሌላው በኩል ያለው ትራንዚስተር ይዘጋል፣ ማይክሮኮንትሮለሩም አጭር ምት ያያል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚያልፉት ነጥብ አለ። ምቱ የሚጀምረው ከእውነተኛው ዜሮ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ የሚያልቀውም ትንሽ ዘግይቶ ነው፤ ዜሮው ያለው መሐሉ ላይ ነው። የምቱን ስፋት በታይመሩ ለክታችሁ ከምቱ መጨረሻ ከምትቆጥሩት ቆይታ ላይ ግማሹን ካልቀነሳችሁ፣ በዝቅተኛው ፍጥነት ላይ ትራያኩ አንዳንዴ ከሚቀጥለው ዜሮ አልፎ ይመታና ሞተሩ በሙሉ ኃይል ዘሎ ይነሳል። ማዞሪያውን ዝቅ ሲያደርጉት ድንገት የሚጮህ መሰርሰሪያ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ይኸው ነው።

ፕሮግራሙን በተመለከተ፣ ዜሮው ሲመጣ ማይክሮኮንትሮለሩ የያዘውን ሥራ አቋርጦ እንዲያየው በኢንተራፕት ይግባ፤ ቆይታውም በሃርድዌር ታይመር ይቆጠር። ጀማሪዎች የሚወዱትን ዲሌይ የሚለውን ትእዛዝ እዚህ አትጠቀሙበት። ዲሌይ ላይ የቆመ ፕሮግራም ማዞሪያውን አያነብም፣ ፍጥነት አይለካም፤ ስክሪን ላይ ቁጥር ልጻፍ ሲል ደግሞ ጊዜው ይዛባና ሞተሩ ይንቀጠቀጣል።

ትራያኩን የሚመታውም ክፍል በኦፕቶካፕለር መለየት አለበት። ለዚህ የሚሆነው ኤምኦሲ 3021 ነው፤ ከ5 ቮልት በ220 ኦም ሬዚስተር በኩል ይነዳል። መደብር ስትሄዱ ከጎኑ ኤምኦሲ 3041 ታገኛላችሁ፤ መልኩም እግሩም አንድ ነው፣ ሻጩም «ያው ነው» ሊላችሁ ይችላል። ያው አይደለም። 3041 በውስጡ ዜሮ ጠባቂ አለው፤ ሞገዱ ዜሮ አካባቢ ካልሆነ ትራያኩን አይመታም። ለምጣድ ወይም ለውሃ ማሞቂያ በጣም ጥሩ ነው። ለኛ ሥራ ግን 5 ሚሊ ሰከንድ ላይ፣ ሞገዱ ጫፉ ላይ ሳለ፣ ምታ ስንለው እምቢ ይላል። ሞተሩ ወይ ጭራሽ አይነሳም ወይ በሙሉ ፍጥነት ብቻ ይሄዳል፤ ተማሪው ደግሞ ስሕተቱን ሲፈልግ የሚያድረው ፕሮግራሙ ውስጥ ነው።

ሞተር ጥቅልል ሽቦ ስለሆነ ኮረንቲው ከቮልቴጁ ወደኋላ ይዘገያል። ትራያኩ በሚዘጋባት ቅጽበት ቮልቴጁ ቀድሞ ሄዷልና ድንገተኛ ግፊት ይመጣበታል፤ ያ ግፊት ሳይታዘዝ ሊከፍተው ይችላል። ለዚህ 100 ኦም ሬዚስተርና 0.1 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር በተከታታይ ተያይዘው ከትራያኩ ጎን ይገባሉ። ካፓሲተሩ ለመስመር ኮረንቲ የተሠራ፣ ኤክስ 2 የሚል ምልክት ያለበት ይሁን።

ካርቦን ያለው ሞተር ሸክም ሲበዛበት ይዘገያል። በቋሚ ፍጥነት እንዲሄድ ከፈለግን ፍጥነቱን መለካት አለብን። ከተጣለ ልብስ ማጠቢያ የወጣ ሞተር ካገኛችሁ ከኋላው ትንሽ ጥቅልልና ማግኔት ታያላችሁ፤ ሞተሩ ሲዞር የፍጥነቱን ያህል ምት የምትሰጥ መለኪያ ናት። ማይክሮኮንትሮለሩ ምቱን ይቆጥራል፣ ከታዘዘው ፍጥነት ጋር ያስተያያል፣ ከቀነሰ ቆይታውን ያሳጥራል፣ ከበለጠ ያረዝማል። ማይክሮኮንትሮለር ከተራ ማዞሪያ የሚለየው በዚህ ነው፤ ይህን ካልሠራንበት 555 የምትባለው ትንሽ ቺፕ ወይም የአምፖል ማደብዘዣ ይበቃን ነበር።

አሁን ወደ ፓምፕና ወፍጮ እንመለስ። በቤት ፓምፖችና በአነስተኛ ኮምፕሬሰሮች ላይ ካፓሲተር ያለው የአንድ ፌዝ ሞተር አለ። አንዳንዱ በውስጡ ሲነሳ ብቻ የሚሠራ የማስነሻ ጥቅልል ይዟል፤ ሞተሩ ከፈጠነ በኋላ በሽክርክሪት ኃይል የሚላቀቅ ማብሪያ ማጥፊያ ይህን ጥቅልል ያወጣዋል። ይህን ሞተር በትራያክ አታዘግዩት። ፍጥነቱ ሲወርድ ማብሪያው ተመልሶ ይገጥማል፣ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ የተጠቀለለው ቀጭን ሽቦም ኮረንቲ ውስጥ እንዳለ ይቀራል፣ ይቃጠላል። በእኔ እምነት የዚህ ዓይነቱን ሞተር ፍጥነት ለመቀያየር ከመድከም በባለ ሦስት ፌዝ መተካት ይሻላል።

ለባለ ሦስት ፌዝ ሞተር ደግሞ ትክክለኛው መንገድ ፍሪኩዌንሲውን መለወጥ ነው። መስመሩ 50 ኸርዝ ነው፣ እሱን አንለውጠውም። ስለዚህ መጀመሪያ ኤሲውን ወደ ዲሲ እናደርገዋለን፣ ከዚያ ዲሲውን በፈለግነው ፍሪኩዌንሲ መልሰን ኤሲ እናደርገዋለን። 220 ቮልቱ በሬክቲፋየር አልፎ ትልልቅ ካፓሲተሮች ላይ ሲጠራቀም 310 ቮልት ያህል ዲሲ ይሆናል። ከዚያ ስድስት አይጂቢቲ የሚባሉ ትራንዚስተሮች አሉ፤ ለእያንዳንዱ ፌዝ ሁለት፣ አንዱ ከላይ ወደ ፖዘቲቭ፣ አንዱ ከታች ወደ ኔጌቲቭ። ማይክሮኮንትሮለሩ በሰከንድ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ይከፍታቸዋል፣ ይዘጋቸዋል። የሚከፈቱበት ጊዜ በሳይን ሠንጠረዥ መሠረት እየሰፋና እየጠበበ ይሄዳል፤ ሦስቱ ፌዞች በ120 ዲግሪ ይለያያሉ። የሞተሩ ጥቅልል ያን ሁሉ መቆራረጥ ያለሰልሰዋል፣ ኮረንቲው የተስተካከለ ሞገድ ሆኖ ይፈስሳል። ሠንጠረዡን በፍጥነት ብናነበው ሞተሩ ይፈጥናል፣ በዝግታ ብናነበው ይዘገያል።

ግን ፍሪኩዌንሲውን ብቻ መቀነስ አይበቃም፤ ቮልቴጁም አብሮ መውረድ አለበት። በሞተሩ ብረት ውስጥ ያለው መግነጢስ የሚወሰነው ቮልቴጁ ለፍሪኩዌንሲው ሲካፈል በሚሰጠው ቁጥር ነው። ለ220 ቮልት ይህ 4.4 ቮልት በኸርዝ ነው። በ50 ኸርዝ 220፣ በ40 ኸርዝ 176፣ በ25 ኸርዝ 110 ቮልት ይሆናል። በ25 ኸርዝ ላይ 220ውን ብንተወው ብረቱ በመግነጢስ ይጠግባል፣ ኮረንቲው ይንራል፣ ሞተሩ ሳይሸከም ይግላል። በጣም ዝቅ ሲል ደግሞ፣ 5 ኸርዝ አካባቢ፣ የሚደርሰው 22 ቮልት ብቻ ነው፤ ከዚያ ላይ ጉልህ ድርሻውን የሽቦው የራሱ ሬዚስታንስ ይበላዋል። ስለዚህ ታች ላይ ጥቂት ቮልት ጨምሮ መስጠት ያስፈልጋል። ከ50 ኸርዝ በላይ ሲኬድ ነገሩ ይገለበጣል፤ ፍሪኩዌንሲው ይጨምራል፣ የሚጨመር ቮልቴጅ ግን የለም፣ ስለዚህ ሞተሩ ይፈጥናል፣ ጉልበቱ ይቀንሳል።

የዚህን ክፍል ትልቁን አደጋ ልንገራችሁ። የአንድ ፌዝ የላይኛውና የታችኛው ትራንዚስተር ለአንዲት ቅጽበት እንኳ አብረው ከተከፈቱ 310 ቮልቱ በቀጥታ ይገናኛል፤ ትራንዚስተሮቹ ይፈነዳሉ። የሚከፈተው ቶሎ ይከፈታል፣ የሚዘጋው ግን ትንሽ ይዘገያል። ለዚህ አንዱ ከተዘጋ በኋላ ሌላው ከመከፈቱ በፊት ከ1 እስከ 2 ማይክሮ ሰከንድ የሚሆን ባዶ ጊዜ ይተዋል። ይህ ለፕሮግራም መስመር የሚተው ነገር አይደለም። እንደ ኤስቲኤም 32 ያሉ ማይክሮኮንትሮለሮች ባዶውን ጊዜ በሃርድዌር የሚያስገባ ታይመር አላቸው፤ የአርዱይኖ ዩኖው ኤቲሜጋ 328 ግን የለውም። ለዚህ ሥራ ዩኖን አልመክርም።

ምክሬን በግልጽ ልናገር። ይህን ዲሲን ወደ ኤሲ የሚለውጥ ክፍል፣ ማለትም ኢንቨርተሩን፣ ከባዶ መሥራት የምትፈልጉ ተማሪዎች በ24 ቮልት ዲሲና በትንሽ ሞተር ጀምሩ። ሳይን ሠንጠረዡ፣ ባዶው ጊዜ፣ የቮልቴጅና የፍሪኩዌንሲው ጥምርታ ሁሉም በ24 ቮልት ላይ ይማራሉ፤ ስሕተት ሲፈጠር የሚቃጠለው ርካሽ ትራንዚስተር ነው። ለእውነተኛ ወፍጮና ፓምፕ ግን ይህን ሁሉ በአንድ ሣጥን የያዘውን፣ ተሠርቶ የሚሸጠውን ድራይቭ ገዝታችሁ ማይክሮኮንትሮለራችሁን ከሱ ጋር አገናኙት። ድራይቮቹ ከ0 እስከ 10 ቮልት የሚቀበል የፍጥነት መግቢያ፣ ብዙዎቹም በአርኤስ 485 መስመር የሞድባስ ቋንቋ የሚሰማ መግቢያ አላቸው። ማይክሮኮንትሮለሩ የውሃውን ደረጃ ወይም ግፊት ይለካል፣ ይወስናል፣ ድራይቩን ያዝዛል።

ቤታቸው አንድ ፌዝ ብቻ ላላቸው ደግሞ ጥሩ ዜና አለ። አንድ ፌዝ 220 ተቀብሎ ሦስት ፌዝ 220 የሚያወጣ ድራይቭ አለ። የሞተሩ ሰሌዳ «220/380» ካለ፣ ሞተሩ በዴልታ ሲታሠር 220 ላይ በሙሉ ጉልበቱ ይሠራል። ስታር እንደታሠረ ትታችሁት «ጉልበት የለውም» እንዳትሉ፤ ክዳኑን ከፍታችሁ ማገናኛዎቹን ማዟዟር ብቻ ነው። ሰሌዳው «380/660» የሚል ከሆነ ግን ይህ መንገድ አይሠራም።

ጥቅሙስ? በቀጥታ ከመስመር የሚነሳ ሞተር ሲነሳ ከመደበኛው ኮረንቲ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት እጥፍ ይስባል፤ ወፍጮው ሲነሳ የጎረቤቱ አምፖል ደብዘዝ የሚለው በዚህ ነው። ድራይቩ ከ0 ኸርዝ ጀምሮ በጥቂት ሰከንድ ቀስ እያለ ስለሚያወጣው ኮረንቲው ከመደበኛው ብዙም አይርቅም፣ ቺንጊያውም ኩሽኔታውም ይተርፋል። በፓምፕ ላይ ደግሞ ቁጥሩ አስገራሚ ነው። ውሃ የሚያዞር ፓምፕ ፍጥነቱ ወደ 80 በመቶ ሲወርድ የሚወስደው ኃይል በኩብ ይወርዳል፤ 0.8 ሦስት ጊዜ ሲባዛ 0.51 ነው፣ ማለትም በግማሽ ኃይል አራት አምስተኛውን ውሃ። ሆኖም ይህ እውነት የሚሆነው ውሃው ክብ መንገድ በሚሄድበት ወይም ግፊቱ በቧንቧው ርዝመት ብቻ በሚወሰንበት ቦታ ነው። ውሃውን ከጥልቅ ጉድጓድ ወደ ሰቀላ ታንከር የሚያወጣ ፓምፕ ፍጥነቱ ከተወሰነ ልክ በታች ሲወርድ ውሃው ጭራሽ አይወጣም፤ ፓምፑ ያንኑ ውሃ ሲያማስል ይውላል። ስለ ቁጠባ የሚነገራችሁን ሁሉ ከመቀበላችሁ በፊት ውሃው ስንት ሜትር እንደሚወጣ ጠይቁ።

በሌላ በኩል ደግሞ በዝቅተኛ ፍጥነት ለረጅም ሰዓት የሚሠራ ሞተር የራሱ ማራገቢያ አብሮት ይዘገያልና አይቀዘቅዝም። ከ25 ኸርዝ በታች ሙሉ ሸክም ይዞ የሚውል ሞተር የተለየ ማራገቢያ ያስፈልገዋል፣ ወይም ውስጡ ሙቀት የሚለካ ዳሳሽ ገብቶ ማይክሮኮንትሮለሩ እንዲያቆመው ይደረግ።

ይህ እውቀት ወፍጮ ቤት ብቻ የሚቀር አይደለም። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከከለከለች ወዲህ መንገዳችን ላይ የበዙት የኤሌክትሪክ መኪናዎች ውስጥ ያለው ሞተር በአብዛኛው ባለ ሦስት ፌዝ የኤሲ ሞተር ነው። የባትሪውን ዲሲ ወደ ኤሲ የሚለውጡ ስድስት በሮች፣ ባዶ ጊዜ፣ ሳይን፣ ሁሉም እዚያ አሉ፤ ቮልቴጁ ከፍ ያለ፣ ቁጥጥሩም ይበልጥ የረቀቀ ነው። ዛሬ በ24 ቮልት ጠረጴዛ ላይ የሚማር ወጣት ነገ ጋራዥ ውስጥ የሚፈለገውን ነው የሚማረው፤ ይህን ከልቤ አምናለሁ።

ከመለያየታችን በፊት የሙከራውን ቅደም ተከተል ያዙ። መጀመሪያ ሰርኪዩቱን ያለ 220 ቮልት፣ ማይክሮኮንትሮለሩን ብቻ አብርታችሁ ምቶቹን እዩ። ቀጥሎ በሞተሩ ፋንታ 60 ዋት የሆነ፣ ክር ያለው አምፖል አስገቡ፤ ኤልኢዲ አይሆንም። አምፖሉ በዝግታ ሳይርገበገብ ከደመቀና ከደበዘዘ ጊዜው ትክክል ነው። ከዚያ ሞተሩን ስታስገቡ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሌላ ክር ያለው አምፖል ከመስመሩ ጋር በተከታታይ አስገቡ፤ የሆነ ቦታ ሾርት ካለ አምፖሉ ይበራል እንጂ ትራያኩ አይፈነዳም። ኦሲሎስኮፕ ያላችሁ የምድር መቆንጠጫውን መስመሩ ላይ እንዳትነክሱት፤ መሣሪያው በግድግዳው ሶኬት በኩል ከመሬት ጋር የተያያዘ ስለሆነ በገመዱ ውስጥ ሾርት ይፈጠራል። የድራይቭ ክዳን የምትከፍቱ ደግሞ ካጠፋችሁት በኋላ ቢያንስ አምስት ደቂቃ፣ መመሪያው ከዚያ በላይ ካለም ያንን ያህል ጠብቁ፤ ቀጥላችሁም ካፓሲተሩን በመልቲሜትር ለኩ። 380 ቮልት በሚገባበት ድራይቭ ላይ እዚያ ያለው 530 ቮልት ያልፋል፣ ማጥፊያው ቢጠፋም ወዲያው አይለቅም።

በሚቀጥለው ዝግጅታችን ከልብስ ማጠቢያው ሞተር የምትወጣውን የፍጥነት መለኪያ ይዘን፣ ምቶቹን እንዴት እንደምንቆጥርና ሸክም ሲበዛ ፍጥነቱ እንዳይወርድ ፕሮግራሙ ላይ የምናስገባውን ስሌት እንሠራለን።